“ዘመናይ” ተብዬ የቀረሁበት ክረምት

የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ የአማርኛ ቃል ከግንቦት እስከ ሰኔ ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትተኝ፣ እንደ አስተማሪ ቆጥሮ ትርጉሙን የጠየቀኝ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቃሉ ከጥንት ብራና የተቆፈረ ቢሆን ባልከፋኝ። ልጅ አዋቂው ገበያ መሐል የሚለው ቃል ነው፤ “ዘመናይ”።

ደብረ ታቦር ስመደብ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። እኛ ሰፈር “ዘመናይ” የሚሉት እናቶቻችን ነበሩ፤ እኛማ “ዘናጭ” ነበር የምንለው። ዘናጭ ማለት ሱሪው ከታች የሰፋ፣ ጫማው ተረከዙ የቆመ፣ ፎቶ ቤት ሄዶ መነጽር ተውሶ ፎቶ የሚነሣ ነው። ዘናጭ ሲሉህ ቢቀልዱብህ እንጂ አያቆስሉህም። “ዘመናይ” ግን ለእኔ ጆሮ በድሮ የሠርግ ፎቶ ላይ ያሉ፣ ጓንት ያጠለቁ፣ ባርኔጣቸውን ያጋደሉ ወይዘሮዎች መጠሪያ ነበር። የትልልቅ ሰዎች ግብዣ የማይቀርባቸው፣ የለበሱት ቀሚስ ሳምንቱን ሙሉ የሚወራላቸው ሴቶች።

ደብረ ታቦር በገባሁ በወሩ ቃሉን ስለ እኔ ሲሉት ሰማሁ። ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ፣ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች “ዘመናይቱ እኮ ናት” ተባባሉ። ዞር ስል ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ታላቅ እህቴ የሰጠችኝ ሰማያዊ ካፖርት ነበረኝ፤ አንገትጌው ሰፊ፣ ቁልፎቹ ትልልቅ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት ድረስ ስለሚዘልቅ ካፖርቱ ከላዬ አይወርድም ነበር። ስለ ካፖርቱ ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ እያሰብኩ ኖርኩ።

በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ የክረምት ኮርስ ዕድል መጣ። ክረምት ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ እየገቡ ዲግሪ መያዝ ማለት ነው። ለትምህርት ቤታችን አንድ ቦታ ተሰጠ፤ አስተማሪዎቹ ተሰብስበው እኔን መረጡ። የቀረኝ ነገር ከቀበሌዬ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፎ አውራጃው ቢሮ ማስገባት ብቻ ነበር። በዚያ ጊዜ ያለ ቀበሌ ወረቀት እንኳን ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ ከአውራጃ አውራጃ መሻገርም አይታሰብም።

የቀበሌው ጸሐፊ ቤተ ክህነት የተማሩ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ነበሩ። ሰው ሁሉ “መሪጌታ” ይላቸዋል። አብዮቱ ሲመጣ በስብሰባ ላይ “ጓድ መሪጌታ” መባል ጀመሩ፤ እሳቸውም ቅር ሳይላቸው ሁለቱንም ተቀበሉ። የእጅ ጽሕፈታቸው ሲበዛ ያምራል። ቀበሌው የጽሕፈት መኪና ቢያመጣላቸውም ጨርቅ አልብሰው ጥግ አስቀምጠውታል። ጉዳዬን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

“ልጄ፣ ጥሩ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ” አሉኝ። ጽፈው፣ ማኅተም አሳርፈው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያሉ ሰጡኝ።

እዚያው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። “መምህርት እገሊት በቀበሌያችን ሲኖሩ ምግባራቸው የታረመ፣ አነጋገራቸው የተመጠነ፣ አለባበሳቸው የጸዳ፣ በጠቅላላው ዘመናይ መሆናቸውን እየመሰከርን…” ይላል። ቃሉን ሳይ ትንሽ ገረመኝ እንጂ አልከፋኝም። አመስግኜ ሄድኩ።

አውራጃው ቢሮ ወረቀቴን የተቀበለኝ ካድሬ ከእኔ በሁለት ሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ካኪ ለብሷል፤ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበና ተመልሶ መሐሉ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

“ጓድ መምህርት፣ ይህ ምን ማለት ነው?”

“የቱ?”

“ዘመናይ።”

“የዘመኑ ሰው ማለት ነው” አልኩ።

“የየትኛው ዘመን?”

“የአሁኑ ነዋ።”

“የአሁኑ ዘመን ሰው ሠርቶ አደር ነው፤ ዘመናይ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።” አንዱን እስክሪብቶ መዝዞ ከቃሉ ሥር አሰመረ። “ያለፈው ሥርዓት ዘመናዮች እነማን እንደነበሩ ያውቃሉ? ሕዝብ ሲራብ የውጭ አገር ሽቶ ሲቀቡ የነበሩ ናቸው። ቃሉ የመደብ ይዘት አለው።”

“ጓድ፣ የጻፉት ሽማግሌ እኮ ሊያመሰግኑኝ ብለው ነው።”

“እኔ የጸሐፊውን ልብ አላነብም፤ የማነበው የተጻፈውን ነው። ወይ ይታረም፣ ወይ ይብራራ።”

ይህን ብሎ ካፖርቴን አየት አደረገ። ፀሐዩ እንደዚያ ሲያቃጥል ለምን እንደለበስኩት እግዜር ይወቅ።

ተመልሼ ቀበሌ ሄድኩ። መሪጌታን በማይከፉበት መንገድ ለመናገር መንገዱን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነበር የሄድኩት።

“መሪጌታ፣ አንድ ፊደል ብቻ ቢለውጡልኝ ይበቃል” አልኳቸው። “ዘመናይ የሚለውን ዘመናዊ ይበሉልኝ።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “ዘመናዊ?”

“አዎ።”

“ዘመናዊ የሚባለው እርሻ ነው። ዘመናዊ ወፍጮ ነው። ሰው እንዴት ዘመናዊ ይባላል? አንቺ ወፍጮ ነሽ?”

“አይደለሁም፤ ግን አውራጃ ያሉት…”

“አውራጃ ያሉት አማርኛ ተምረዋል?” ድምፃቸው ከፍ አለ። “በአባቴ ጊዜ ዘመናይ የሚባሉ ሴቶች ነበሩ። በበቅሎ ሲያልፉ ሰው ከየደጁ ወጥቶ ያያል። ጥለታቸው ሌላ፣ አነጋገራቸው ሌላ፣ ሲስቁ እንኳ ልክ አለው። ዘመን ያከበረው፣ ፊቱ የማይጠቁር ሰው ማለት ነው። እኔ ክብር ብዬ ጻፍኩልሽ፤ አንቺ ነውር አድርገሽ መለስሽልኝ።”

“እኔ አይደለሁም ነውር ያልኩት፣ መሪጌታ!”

“ማኅተም ያረፈበትን ቃል አልለውጥም” አሉና መነጽራቸውን መልሰው ሌላ ወረቀት ማንበብ ጀመሩ።

በንዴት እያለከለክሁ ትምህርት ቤት ገባሁ። ነገሩን የሰማችው የትምህርት ቤታችን ታይፒስት ሳቀች። “ለዚህ ነው እንዲህ የምትሆኚው? አምጪው” አለችና ከመሳቢያዋ ምላጭ አወጣች። የ“ይ”ን ቀለም በምላጩ ጫፍ ቀስ አድርጋ ፋቀችው፤ የመሪጌታን እጅ አስመስላ በቦታው “ዊ” ጻፈችበት። የካድሬውንም መስመር አብራ ፋቀችው። እኔ፣ ተማሪ ፈተና ላይ ፍቆ ሲጽፍ ነጥብ የምቀንሰው አስተማሪ፣ አጠገቧ ቆሜ “ትንሽ ደመቅ አድርጊው” እያልኩ ነበር።

ካድሬው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሣው። ብርሃኑ በተፋቀው ቦታ በኩል ዘለቀ።

“ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አንቀበልም” አለ። ቀጥሎም ረጋ ብሎ፣ “አሁንማ ጉዳዩ የቃል ብቻ አይደለም። ይህ በእርግጥ የእነሱ ደብዳቤ መሆኑን ቀበሌው በኮሚቴ አይቶ ያረጋግጥ” አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምኞቴ ነበር። ወረቀቱን ይዤ መሪጌታ ዘንድ ስመለስ ምንም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የተፋቀውን ቦታ በጣታቸው ዳበስ አደረጉ።

“ሠላሳ ዓመት ጽፌአለሁ” አሉ። “ጽሕፈቴን የቧጠጠው ሰው የለም።” ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው መዝገባቸው ውስጥ አስገቡ። “ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል፤ የሚመጣው ሐሙስ ግን ለግንባር ስንቅ ስለሚሰበሰብ አይኖርም። በላይኛው ሐሙስ ነይ።”

ምዝገባው የሚያበቃው በሰኔ መጨረሻ ነው። ቀኑን በጣቴ እየቆጠርኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

አከራዬ ይፋግ ተወልደው ደብረ ታቦር ያረጁ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነው፣ ከጓሮ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱን ለእኔ አከራይተው ይኖራሉ። እኔ “እርስዎ” ነበር የምላቸው፤ እዚያ ትልቅ ሰው “አንቱ” ነው የሚባል። ሦስት ዓመት “እርስዎ” ስላቸው አንድ ቀን አላረሙኝም። ያን ዕለት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለዘማች በሶ የሚሆን ገብስ ይለቅማሉ። ሰላምታም ሳልሰጥ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

“እትዬ፣ እስቲ ይንገሩኝ። ዘመናይ ስድብ ነው ወይስ ምስጋና?”

“ለማን?”

“ለእኔ።”

እጃቸው ገብሱ ላይ ቆመ። “ማን አለሽ?”

“ሁሉም ይለኛል! ዳቦ ቤት ይሉኛል፤ ቀበሌ ጻፉብኝ፤ አውራጃ አሰመሩበት። በዚህ ካፖርት ምክንያት ክረምቴ ሊበላሽ ነው!”

“ካፖርቱ ምን አደረገ?” አሉ፤ በእርግጥ ግራ ገብቷቸው። “ብርድ ነው፤ ይለበሳል።” ገብሱን አገላበጡ። “እኛ ዘንድ ዘመናይ የሚባል ደጁን ዘግቶ የሚኖር ነው። ለብቻው የሚበላ፣ ለብቻው የሚጠጣ። ሰው የማያስፈልገው።”

“እኔ ሰው አያስፈልገኝም?”

“እኔ አላልኩም፤ ጠየቅሽኝና ነገርኩሽ።”

“ምን አይተው ነው እንደዚያ የሚሉኝ?”

መመለስ አልፈለጉም ነበር። ኋላ ግን ራሳቸውን ወደ ማዶው አጥር አዞሩ። “የድሮውን ልተወው፤ በዘንድሮው ሁዳዴ የዚያች ሴትዮ ልጅ መርዶ መጣ። ሰሜን ነው የወደቀ። ሦስት ቀን ድንኳን ተተክሎ መንደሩ ሁሉ ሲያለቅስ፣ አንቺ ወረቀትሽን አቅፈሽ በድንኳኑ ሥር ‘ጤና ይስጥልኝ’ ብለሽ አለፍሽ። በሦስቱም ቀን።”

አስታወስኩት። ድንኳኑን አይቻለሁ፤ ለቅሶውን ሰምቻለሁ። የፈተና ወረቀት የማርምበት ሳምንት ነበር። ሴትዮዋን ከሰላምታ በቀር አላውቃቸውም፤ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ብገባ ድፍረት ይሆናል ብዬ ነበር። አዲስ አበባ እንኳ የጎረቤት ለቅሶ እንደዚያ አይታለፍም፤ ያን ግን ለራሴ አልነገርኩትም።

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? አጠገብዎ አይደለም የምኖረው?” ብዬ ጮኽኩ።

“ለቅሶ ድረሽ ተብሎ ይነገራል እንዴ?” አሉ።

ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ። በእሳቸው ተናደድኩ፤ በመንደሩ ተናደድኩ። ሦስት ዓመት ፊቴ ላይ ፈገግ እያሉ ከጀርባዬ ያን ሁሉ ሲያስቡ አንድ ሰው እንዴት ጠጋ ብሎ አይነግረኝም? አንድ የቤቱ ሰው ሲሳሳት ይመከራል፤ ታዲያ እኔ ምናቸው ነኝ? ይህን ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ። መመከር የሚገባው ሰው አድርገው አልቆጠሩኝም ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነጠላ አጣፍቼ ማዶ ተሻገርኩ። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንደምል ሳስብ አድሬ፣ ስደርስ “እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ዘገየሁ” ከማለት በቀር አልወጣልኝም። ቦታ ለቀቁልኝ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣

“የስንተኛ ክፍል ነው የምታስተምሪ?” አሉኝ።

“የዘጠነኛና የዐሥረኛ።”

“የእኔው ከስምንት ነው የሄደ” አሉ። “ካንቺ ዘንድ አልደረሰም።”

ከዚያ ወዲያ ያወራነውን አላስታውስም። ሲመሽ ተነሣሁ፤ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

ኮሚቴው በቀጠሮው ሐሙስ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አጀንዳ ሲያነቡ “አጀንዳ ሦስት፣ ዘመናይ ስለሚለው ቃል” አሉ። እኔ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ደብዳቤው የቀበሌው መሆኑ በአምስት ደቂቃ ተረጋገጠ፤ ማኅተሙ ይታያል። የፍቁ ነገርም በአንድ ተግሣጽ ብቻ ታለፈ። ያን ጊዜ ተገላገልኩ ብዬ ልነሣ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን “ዋናው ጉዳይ ቃሉ ነው” አሉ፤ ቤቱም ለውይይት ክፍት ሆነ።

እብናት ድረስ ከብት የሚነግዱ አንድ ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። “በእኛ ሥራ ዘመናይ በቅሎ የሚባል አለ። አረማመዱ ያማረ ነው፤ ጭነት ግን እምቢ ይላል።” ቤቱ ሳቀ። አንዲት የሴቶች ማኅበር ተወካይ፣ ዘመናይ የሚባለው እናቱ ያቀማጠለችው ልጅ ነው አሉ። ሌላው፣ ዘመናይ ማለት የተማረ ማለት ስለሆነ ለአስተማሪ ይገባል አለ። ጎኑ ያለው፣ ለተማረ ሰው ሁሉ የሚገባ ከሆነ ለምን ለሌሎቹ አስተማሪዎች አልተጻፈም ብሎ ተነሣበት። መሪጌታ ቆመው ከግእዝ ጀምረው “ዘመን” ከሚለው ተነሥተው ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ሲጨርሱ ተጨበጨበላቸው፤ የተረዳቸው ግን የለም።

በመጨረሻ አልቻልኩም፤ እጄን አወጣሁ። “እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ቃሉን ላብራራ እችላለሁ።”

ሊቀመንበሩ በትሕትና ነበር የመለሱልኝ። “ጓድ መምህርት፣ ጉዳዩ ራስዎን የሚመለከት ስለሆነ አስተያየት መስጠት አይችሉም።”

ውሳኔው እንዲህ ሆነ፤ ቃሉ አሻሚ ስለሆነ ትርጉሙ ለበላይ አካል ይቅረብ። መሪጌታ ውሳኔውን በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉት፤ አጠገባቸው ቆሜ ቀለሙን እፍ ሲሉት አየሁ። የሰኔ መጨረሻ አለፈ። በእኔ ቦታ ማንም አልሄደም፤ ቦታው ባዶውን ቀረ። የበላይ አካል መልስ የመጣው ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ነው፤ አንድ መስመር፦ “ስለ ተጠቀሰው ቃል የተላለፈ መመሪያ የለም።”

ያን ክረምት ዝናቡ ጣሪያዬን ሲደበድበው እየሰማሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ላነበው የነበረውን መጽሐፍ ብቻዬን አነበብኩ። ደጄን ግን አልዘጋሁም። አከራዬ አንዳንዴ ገብተው ይቀመጣሉ፤ “አንቱ” ማለት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ላይ ምላሴን ሲያደናቅፈኝ ይስቁብኛል። በመንደሩ ሰው ሲሞት እሄዳለሁ። ሄጄ ምን እንደማደርግ ባለማወቄ የማይፈለግበት ቦታ እየቆምኩ ሴቶቹን ሳሰናክል እውላለሁ። ዘመናይ ማለታቸውን ይተዉ አይተዉ አላውቅም። የሚሉት ከጀርባ ነውና ማን ይነግረኛል?

በሚቀጥለው ዓመት ለክረምቱ ኮርስ እንደገና ተመረጥኩ። ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ነበር። መሪጌታም ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ለአንድ ወጣት አስረክበዋል። ወጣቱ የድጋፍ ደብዳቤ በስቴንስል አባዝቶ ደርድሮ አስቀምጧል፤ ስም የሚሞላበት ቦታ ብቻ ክፍት ነው። ስሜን ሞልቶ፣ ማኅተም መታበትና ሰጠኝ። አውራጃው ሳያነበው ተቀበለው።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ቅዳሜ ገበያ መሐል መሪጌታን አገኘኋቸው። ሩብ ኩንታል የሚሆን የጉና ድንች ገዝተው ተሸካሚ ይጠብቃሉ። ከአምናው ወዲህ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም ነበር።

“ተቀበሉሽ አሉ” አሉኝ።

“አዎ መሪጌታ፣ ሰኞ እሄዳለሁ።”

“ምን ብለው ጻፉልሽ?”

“‘ሥነ ምግባራቸው መልካም ነው’ ብለው።”

ፊታቸውን አኮሳተሩ። “ይኼማ ለማንም ይጻፋል።”

“ለማንም ስለሚጻፍ እኮ ነው ያለፈው!” አልኩ፤ የዓመቱ ንዴት ሁሉ አንድ ጊዜ እየወጣ። “የእርስዎ አንድ ቃል አንድ ዓመት አስቀረኝ!”

ሰው ዞር ዞር ብሎ አየን። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸው። “ቃሉ ትክክል ነበረ” አሉ። “የሚያነብ ሰው ነው የጠፋ።”

ተሸካሚው አልመጣም። ድንቹን ለሁለት ከፍለን፣ እኔ ከባዱን እሳቸው ቀላሉን ይዘን ዳገቱን ወጣን። ቤታቸው እስክንደርስ ድረስ በ“ዘመናይ” እና በ“ዘመነኛ” መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱኝ፤ ሁለት ቦታም አላመንኩበትም ብዬ ተከራከርኳቸው።